ቅድመ ሁኔታ የሌለው ፍቅር (በክርስትና)

ቅድመ ሁኔታ የሌለው ፍቅር በክርስትና ትምህርት የተወዳጁ መልካምነት፣ ውለታ ወይም ምላሽ ሳይታይ የሚሰጥ ፍቅር ነው። በመጀመሪያ እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ያለውን ፍቅር፣ ቀጥሎም ሰው ለባልንጀራውና ለጠላቱ ጭምር ሊኖረው የሚገባውን ፍቅር ያመለክታል።

ስያሜው

ሐረጉ ቃል በቃል በመጽሐፍ ቅዱስ አይገኝም። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ ለዚህ ፍቅር በብዛት የሚያገለግለው ቃል «አጋፔ» ነው። ስዊድናዊው የሥነ መለኮት ሊቅ አንደርስ ኒግረን እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1936 ባሳተመው ባለ ሁለት ክፍል ሥራ፣ አጋፔን ከራሱ የሚሰጥ፣ «ኤሮስ»ን ደግሞ የጎደለውን የሚፈልግ ፍቅር ብሎ ለይቷል። ይሁን እንጂ ቃሉ ብቻውን ትርጉሙን አይወስንም፤ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥10 ዴማስ ዓለምን መውደዱ የተነገረው በዚሁ ቃል ግስ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግሱ በአብዛኛው «ወደደ»፣ ስሙ ደግሞ «ፍቅር» ተብሎ ተተርጉሟል።

መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሠረት

በሮሜ 5፥8 መሠረት ክርስቶስ የሞተው ሰዎች ገና ኃጢአተኞች ሳሉ ነው፤ ስለዚህ ፍቅሩ ከሰው መለወጥ ይቀድማል። በማቴዎስ 5፥44–45 ጠላትን የመውደድ ትእዛዝ የተሰጠው፣ ፀሐይና ዝናብ ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም እኩል እንደሚሰጡ በማስታወስ ነው። በሉቃስ 15 ደግሞ አባትየው ሮጦ የጠፋውን ልጁን የሚያቅፈው ልጁ አንዲት የይቅርታ ቃል ሳይናገር ነው።

ንስሐና ምጽዋት

ፍቅሩ ቅድመ ሁኔታ የለውም ማለት ክፉና ደግ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ለኃጢአት ስርየት አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ንስሐ ወደ ተሰጠው ፍቅር መመለሻ እንጂ ፍቅሩን መግዣ ዋጋ አይደለም። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም መዳን በጸጋ መሆኑን አጥብቀው ያስተምራሉ።

ከዚህ ጋር የሚነሳው ጥያቄ ለጽድቅ ብሎ መመጽወት ንጹሕ ፍቅር ነው ወይ የሚለው ነው። ሉቃስ 14፥12–14 ብድር መመለስ የማይችሉትን መጋበዝ እንደሚገባ ያስተምራል፤ ዋጋው በትንሣኤ እንደሚከፈልም ይናገራል። እንግዲህ ተስፋው አልተከለከለም፤ ከተቀባዩ ብድር መጠበቅ ግን ቀርቷል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ

የቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል የተሰየመበት «መድኃኔ ዓለም» የሚለው የግእዝ ስም «የዓለም መድኃኒት» ማለት ሲሆን፣ መዳኑ ለደጋጎች ብቻ ሳይሆን ለዓለም በሙሉ መሆኑን ይገልጻል። በዓሉ በየወሩ በ27 ይከበራል፤ መጋቢት 27 ደግሞ የስቅለቱ መታሰቢያ ነው።

በአያት አካባቢ የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የቤተ ክርስቲያን ተቋም ባይሆንም፣ ሐሳቡ በተግባር ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ይጠቅማል። በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው ማዕከሉ፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥቶ ይንከባከባል። መቄዶንያ የሚለው ስም በሐዋርያት ሥራ 16፥9 በራእይ ለጳውሎስ ታይቶ እርዳታ የለመነውን ሰው አገር ያስታውሳል። የማዕከሉ መፈክር «ሰው ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል ነው። ከሚረዱት መካከል ያጠባቸውንና ያጎረሳቸውን ሰው ለይተው ማወቅ የማይችሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እንዲህ ላለው ሰው የሚደረግ እንክብካቤ ምስጋናን እንኳ ሊጠብቅ አይችልም።