ከጄሊው አንደበት ወደ ዳንሰኛው ጀርባ

በማሊና በጊኒ የማንዴ ሕዝቦች ዘንድ የነገሥታት ታሪክ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረው በጄሊ አንደበት ነው። ፈረንሳዮች ግሪዮ የሚሉት ጄሊ እንደ አዝማሪ ያወድሳል፣ ሲከፋውም ይሸነቁጣል። ሙያው ግን በዘር የሚወረስ ነው፤ የአንድን ቤት የትውልድ ሐረግ ከነጀብዱው በቃሉ መያዝም ግዴታው ነው። የኬይታን ቤት ታሪክ የሚጠብቁት ኩያቴዎች ናቸው። ጄሊው ሲተርክ ሌላ ሰው በየስንኙ መጨረሻ «ናሙ» እያለ ያጸናለታል። በአዝማሪ ቤት ነገሩ ይገለበጣል፤ አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል።

ከትረካዎቹ ሁሉ የገነነው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የማሊን መንግሥት የመሠረተው የሱንጃታ ኬይታ ገድል ነው። ጊኒያዊው የታሪክ ሊቅ ጂብሪል ታምሲር ኒያኔ ከጄሊው ማማዱ ኩያቴ የሰማውን በ1960 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመው። ለዳንስ ግን ከገድሉ ጦርነት ይልቅ አንድ የልጅነት ትዕይንት ይበልጣል። ሱንጃታ ሰባት ዓመት ሞልቶት ገና ይድሃል። እናቱ ሶጎሎን የባኦባብ ቅጠል ለወጥ ብትለምን ጣውንቷ በልጇ ታዋርዳታለች። እናት ስታለቅስ ልጁ የብረት ዘንግ ያስመጣል። ዘንጉን ተመርኩዞ ጉልበቱን ከመሬት ሲያላቅቅ ብረቱ እንደ ደጋን ይጎብጣል፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። የገድሉ ማጠፊያ ራሱ እንቅስቃሴ ነው፤ ዳንሰኛው የሚጨምርበት ብዙ የለም።

አፍሪካዊ ውዝዋዜን ወደ ዓለም መድረክ ካወጡት ቀደምቶች አንዱ ጊኒያዊው ኬይታ ፎዴባ ነው። ፓሪስ ላይ ያቋቋመው ሌ ባሌ አፍሪካን ጊኒ በ1958 ነፃ ከወጣች በኋላ የአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን ሆነ። ሥራው ግን በአመዛኙ የመንደሩን ጭፈራ ለመድረክ ማሰናዳት ነበር።

ዘመናዊው ዳንስ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ታሪኩን በቅደም ተከተል ከመተወን ይልቅ የአተራረኩን ስልት ወሰደ። ትረካው ሲመላለስ እንቅስቃሴው ይመላለሳል፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው በሰውነቱ «ናሙ» ይላል። ለዚህ የሚሆን አካል በማሠልጠን ረገድ የዳንሰኛዋን የዤርሜን አኮኚን ያህል የደከመ ጥቂት ነው። የዳንስ ቀማሪው ሞሪስ ቤጃርና የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት ሴንጎር በ1977 ዳካር ውስጥ የከፈቱትን ሙድራ አፍሪክ የተባለ የዳንስ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ መርታለች፤ በኋላም በሴኔጋል ቱባብ ዲያላው ኤኮል ዴ ሳብል የተባለውን ትምህርት ቤት መሥርታለች። በእሷ ስልት የእንቅስቃሴ ሁሉ ምንጭ የጀርባ አጥንት ነው፤ ደረት ፀሐይ፣ መቀመጫ ጨረቃ ይባላል። ከአትላንቲክ ማዶም ጃማይካ የተወለደው የዳንስ ቀማሪ ጋርዝ ፌገን በ1991 «ግሪዮ ኒውዮርክ»ን በጃዝ ሙዚቀኛው ዊንተን ማርሳሊስ ሙዚቃ አቅርቧል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ዳንስ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ በተጀመረው አዱኛ የዳንስ ቡድን በኩል ሥር ሰደደ፤ ከቡድኑ የወጣው ጁናይድ ጀማል በ2004 እ.ኤ.አ. የጃፓናዊው የዳንስ ቀማሪ የሳቡሮ ተሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆኖ ተመርጧል። ዳንሰኛው መላኩ በላይ ደግሞ ከካዛንቺሱ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ተነሥቶ እስክስታን ከጃዝ ጋር አገናኝቷል። ለጀግና ትረካ ግን ቅርቡ ፉከራ ነው። ፉካሪው «ዘራፍ» ብሎ ሲነሣ ዱላው ከትከሻው ይወርዳል፣ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፣ የአባቶቹን ስም ሲጠራ መሬቱን ይረግጣል። ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ደረቱ ብቻ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል።