ስለ ጋዜጠኛ ሕግና ሥነ ምግባር ትምህርት

በጋይንት ምድር ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። ድጓ ሊያስተምር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ቃሉንና ምልክቱን በመምህሩ ፊት አቅንቶ ምስክርነት ይቀበላል። መምህር የሳተው አንድ ምልክት ለተማሪዎቹ ሁሉ ይተርፋልና።

ጋዜጠኛም ስሕተቱ ለብዙ ሰው የሚተርፍ ባለሙያ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ጋዜጠኝነትን የሚያጠና ወጣት፣ ከዜና አጻጻፍ ጋራ የመገናኛ ብዙኃንን ሕግና ሥነ ምግባር ይማራል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል፤ ሆኖም የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ደንግጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2044፣ በቃል ወይም በጽሕፈት ሰውን የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ አድርጎ ስሙን ማበላሸትን ጥፋት ይለዋል። የ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ ስሙ ለተነካ ሰው መልስ የመስጠት መብት ሰጥቷል።

ይሁን እንጂ ዳኛ የሚደርሰው ወሬው ከተነበበ በኋላ ነው። ሥነ ምግባር ግን ከመታተሙ በፊት «ይህን ከማን ሰማህ? የተወቀሰውንስ ሰው ጠየቅኸው?» ይላል። ቅድመ ምርመራ በተከለከለበት አገር የመጀመሪያው መርማሪ የጋዜጠኛው ሕሊና ነው።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ጋዜጠኛ መጥቶ «ይህ ነገር እውነት ነውን?» ቢላችሁ ሥራ እንዳስፈታችሁ አትቁጠሩት። ሕጉ የሚፈቅደውን ሰነድ አሳዩት፤ ሳይጣራ የሚወጣው ወሬ የባልደረባችሁን ስም ሊያጠፋ ይችላልና።