ከታች ዘይት ቀለም፣ ከላይ ፕላስቲክ

በደብረ ታቦርና በሌሎች የደቡብ ጎንደር ደጋ ከተሞች ሳሎንን በሁለት ቀለም መቀባት የተለመደ ነው። ከወለሉ እስከ ወንበር መደገፊያ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብለጨልጭ ዘይት ቀለም ይቀባል፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ቡናማ። ከዚያ በላይ እስከ ኮርኒሱ ድረስ የማያብለጨልጭ ነጭ ወይም ክሬም ፕላስቲክ ቀለም ይከተላል። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ቀበሌውም በዚሁ ዓይነት የተቀቡ ስለሆኑ ነገሩ የልማድ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሆኖም ከልማዱ በስተጀርባ የብርሃን፣ የእጅና የውሃ ሥራ አለ፤ ሦስቱም ሁልጊዜ አይስማሙም።

በቅድሚያ የሁለቱን ቀለሞች ልዩነት እንይ። ዘይት ቀለም ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ድፍን ሽፋን ይሠራል። ውሃ ከላዩ ቢፈስበት አይዘልቀውም፣ በእርጥብ ጨርቅ ቢታሽም አይለቅም። ፕላስቲክ ቀለም በውሃ የሚቀጥን ሲሆን ሽፋኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀሩታል። ስለዚህ እድፍ ይይዛል፤ በአንጻሩ ከግድግዳው የሚወጣውን እንፋሎት በመጠኑም ቢሆን ያሳልፋል።

ቀለሙ የሚያርፍበት ግድግዳ ደግሞ በአብዛኛው የጭቃ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት ይቆማል፣ በማገር ይያያዛል፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የቆየ ጭቃ ይመረግበታል፤ ምርጊቱ ሲደርቅ ይለሰናል። አቅም ያለው ከላዩ ጀሶ ይጨምርበታል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ብርድ ነው። የቆየው መላ መስኮትን ማሳነስ ነበር። ብርዱ ሲቀንስ ግን ብርሃኑም አብሮ ይቀንሳል።

በትንሽ መስኮት የገባ ብርሃን አንዴ ግድግዳ ነክቶ አያበቃም፤ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ይነጥራል። ያረፈበት ሁሉ 80 በመቶውን የሚመልስ ነው እንበል። መቶ እጅ ብርሃን ሲገባ መጀመሪያ 80፣ ቀጥሎ 64፣ ከዚያ 51 እያለ ይመላለሳል፤ የገባው መቶ ጨምሮ ሁሉም ሲደመር 500 ይሆናል። የሚመለሰው 50 በመቶ ብቻ ከሆነ ድምሩ 200 ላይ ይቆማል። መስኮቱ ያው ሆኖ ክፍሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ይለያያል ማለት ነው። ወለል፣ ምንጣፍና ሶፋ ብርሃን ስለሚውጡ በእውነተኛ ሳሎን ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

የታችኛው ቀለም ከፍታ ዋጋ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ጥቁር አረንጓዴው አንድ ሜትር ቢወጣ የግድግዳውን 40 በመቶ ይይዛል፤ 1.5 ሜትር ቢወጣ 60 በመቶ። አረንጓዴው 20፣ ነጩ 80 በመቶ ብርሃን ይመልሳሉ ከተባለ፣ የግድግዳው አማካይ ከ56 ወደ 44 በመቶ ይወርዳል። ቀቢው በግምት ከፍ ያደረጋት ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ቀን አምፖል ልታስበራ ትችላለች። መስመሩ ወደ ግድግዳው እኩሌታ በቀረበ ቁጥር ደግሞ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ይመስላል።

የታችኛው ክፍል ጠቆር ብሎ የሚታጠብ እንዲሆን ያስገደደው እጅና ጀርባ ነው። በጠባብ ሳሎን ወንበሮች ግድግዳ ተጠግተው ስለሚደረደሩ ተቀማጩ ራሱን ያስደግፋል፣ ልጆች ይዳስሱታል፣ ወለል ሲታጠብ ይረጫል። በፎገራ ወረዳ፣ በ1964 ዓ.ም. በተመሠረተው በአውራ አምባ ማኅበረሰብ፣ መቀመጫና መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር ከጭቃ ይሠራሉ። እንዲህ ባለ ቤት ደግሞ ግድግዳና ዕቃ አንድ ስለሆኑ የልስኑ ጥራት ከቀለሙ ይበልጣል። የሚያብለጨልጭ ቀለም ሌላም ጠባይ አለው፦ ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመልስ በእጅ የተለሰነ ግድግዳን እብጠትና ጉድጓድ ሁሉ ያጋልጣል። የማያብለጨልጨው ብርሃኑን ስለሚበትን ጉድለቱን ይሸፍናል።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቀለሞች ሥራ ተከፋፍለው ተስማምተዋል። ክረምት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠፈጠፍ አፈሩን ያረሰርሳል። የድንጋይ መሠረቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ጭቃው፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ ውሃውን ከመሬት ወደ ላይ ይስባል። ግድግዳው ባዶ ወይም በኖራ ብቻ የተቀባ ቢሆን ውሃው ፊቱ ላይ ደርሶ ይተን ነበር። ዘይት ቀለም ካገኘ ግን መውጫ ያጣል። ከሽፋኑ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ቀለሙን ያሳብጣል፣ ከአፈሩ ያመጣው ጨው ልስኑን ዱቄት ያደርገዋል። ከፊሉም መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ስለሚሄድ እርጥበቱ ከዘይት ቀለሙ መስመር በላይ፣ ነጩ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ዘይት ቀለሙን እዚያ ድረስ ከፍ ማድረግ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ቢጫው ሌላ ስንዝር ይወጣል።

ሲሚንቶ መለሰንም ብዙ አይረዳም። ጭቃ በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከጊዜ በኋላም በገበታ በገበታ ይረግፋል። ሽቦ መትቶ መለሰን መርገፉን ያዘገያል እንጂ ከሥር የሚመጣውን ውሃ አያስቀርም።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው፣ ዘይት ቀለምን በሳሎኑ ዙሪያ እንደ መቀነት ማዞር ትክክል አለመሆኑ ነው። ግድግዳዎቹ እኩል አይደሉም። ሳሎኑን ከመኝታ ቤት የሚለየው የውስጥ ግድግዳ ጠፈጠፍ አይደርስበትም፤ ዘይት ቀለሙን ይችላል፣ ደማቅ ቀለም የወደደም እዚያ ቢያደርገው ያምራል። ውጭውን ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ግን ከላይ እስከ ታች የሚተነፍስ ቀለም ቢቀባ ይሻላል፤ ለጀርባ መደገፊያ ጨርቅ ወይም ሰሌን ይሰቀልበታል። ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ብርሃኑን የሚቀበለው እሱ ስለሆነ ነጭ ይሁን። በደብረ ታቦር ኬክሮስ የታኅሣሥ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትውል፣ በደቡብ በኩል መስኮት ያለው ቤት በብርዱ ወራት ከብርሃኑ ጋር ሙቀትም ያገኛል። አሸንዳና የውሃ መሄጃ ቦይ ከቀለም በፊት የሚመጡ ወጪዎች ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ የትኛውም ቀለም አይዘልቅም።

ወቅቱም ይቆጠራል። ሰው ቤቱን የሚያድሰው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው፤ ግድግዳው በዓመቱ ውስጥ ከምንጊዜውም በላይ ውሃ የጠጣበት ወቅት ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ዘይት ቀለም መቀባት እርጥበቱን ከነምንጩ ማሸግ ይሆናል። ለበዓሉ ኖራ ቀብቶ ዘይት ቀለሙን ለጥምቀት ያቆየ ሰው ለግድግዳው ከሦስት ወር በላይ ደረቅ አየር ይሰጠዋል።