ወደ ጂንካ ስትሄዱ ከባዱን ሌንስ ቤት ተዉት

ዕለቱ ሐሙስ፣ የቀይ አፈር ገበያ ቀን ነበር። ገበያው ዳር አንዲት ግራር ጥላ ሥር ቆሜ፣ "70-200" የሚባለውን ረጅም ሌንስ ካሜራዬ ላይ ገጥሜ፣ ቅልና ማር ይዘው የተቀመጡ የበና ሴቶችን ከሩቅ አነሳለሁ። ማንም ልብ ያለኝ አልመሰለኝም። ለካ አንድ ጎልማሳ ከኋላዬ ቆሞ ሲያዳምጠኝ ኖሯል። ካሜራዬን ዝቅ ሳደርግ ፊቴ መጥቶ ቆመና "ስድስት" አለኝ በአማርኛ። ስድስት ጊዜ "ቀጭ" አድርገሃል፣ የስድስት ትከፍላለህ ማለቱ ነው። ካሜራዬን ከፍቼ ብቆጥር እውነቱን ነው፤ ስድስት።

ከፈልኩ። ገንዘቡ ለሴቶቹ ይድረስ አይድረስ ግን አላውቅም። ከአሥር ሜትር በላይ ርቄ ስለነበር ማንን እንዳነሳሁ እንኳ በቅጡ አላየሁም። በሥራዬ ምክንያት ወደ ደቡብ ኦሞ ስመላለስ ስለ ሌንስ የማስበው ስለ ጥራቱ ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የማስበው ከሰው ምን ያህል እንደሚያርቀኝ ነው። ክብደቱን ማስላት የጀመርኩትም ከዚሁ ተነስቼ ነው። ፉል ፍሬም ካሜራ ገዝታችሁ፣ አብሮት የመጣውን ትልቅ ዙም እየጎተታችሁ የምትዞሩ ወዳጆቼ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

"ፉል ፍሬም" የሚባለው ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ ነው። ልኩ አዲስ አይደለም፤ የድሮው የፊልም ካሜራ ልክ ነው። ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ የሠራት ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ስትቀርብ ፎቶ የምታነሳው በዚሁ ልክ ነበር። የተገጠመላትም አንዲት ትንሽ፣ የማትፈታ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበረች። ዙም የሚባል ነገር አልነበራትም። ሰውየው መቅረብ ሲፈልግ በእግሩ ይቀርባል፤ መራቅ ሲፈልግም እንደዚያው። ዛሬ ይህን ሴንሰር የሚሸፍን፣ ሰፊውንም ጠባቡንም የሚያሳይ፣ ያውም ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ዙም ለመሥራት ብዙ ትልልቅ መስታወት መደርደር ግድ ነው። ክብደቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። እኔ የምይዘው የካኖን 5ዲ ማርክ 3 ከነባትሪው 950 ግራም ነው። ሁላችንም የምንመኘው 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ስሪት 805 ግራም ይመዝናል። ሁለቱ ተደምረው 1,755 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ተኩል ስኳር የበለጠ ነገር ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ላይ 70-200 ኤፍ 2.8 (1,490 ግራም) ሲጨመርበት ያለ ቻርጀር፣ ያለ ፍላሽ፣ ያለ ኮምፒውተር ከ3 ኪሎ አለፈ። በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው የእጅ ሻንጣው 7 ኪሎ መሆኑን አትርሱ። በመኪና ለሚሄደውም ከአዲስ አበባ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ ጂንካ እስኪደርስ 750 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ትከሻው ያኔውኑ ደክሟል።

አሁን በምትኩ ቁጥሯ የማይለወጥ፣ ፎቶግራፈሮች "ፕራይም" የሚሏትን ሌንስ እንውሰድ። የካኖን 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ባለማረጋጊያዋ 335 ግራም ናት። 50 ኤፍ 1.8 አሥቲኤም 160 ግራም ገደማ። "ፓንኬክ" የሚሏት 40 ኤፍ 2.8 ደግሞ 130 ግራም፣ ካሜራው ላይ ተገጥማ ክዳን እንጂ ሌንስ አትመስልም። መስታወት አልባ ወደሚባሉት ሚረርለስ ካሜራዎች የተሻገራችሁም አማራጭ አላችሁ። የኒኮን ዜድ 40 ኤፍ 2 170 ግራም፣ የሶኒ 40 ኤፍ 2.5 173 ግራም፣ የካኖን አርኤፍ 35 ኤፍ 1.8 305 ግራም ናቸው።

"ዙም ከሌለኝ የፈለግሁትን እንዴት አስገባለሁ?" የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። መልሱ ርቀት ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ካሜራውን ወደ ላይ አቁማችሁ አንድን ሰው ከእግር እስከ ራሱ፣ ከላይና ከታች ትንሽ ክፍተት ትታችሁ፣ 2 ሜትር ቁመት ለማስገባት ፈለጋችሁ እንበል። 2 ሜትሩን በሌንሱ ቁጥር አባዝታችሁ ለ36 ታካፍላላችሁ። በ200 ሌንስ 11 ሜትር ትርቃላችሁ። በ50 ሁለት ሜትር ከ80 ሳንቲም ያህል። በ35 ሁለት ሜትር አይሞላም። አሥራ አንድ ሜትር ላይ ሆኖ ሰላምታ አይሰጥም፤ ሁለት ሜትር ላይ ግን ሰላም ሳይሉ መቆም ነውር ነው። እንግዲህ ቀይ አፈር ላይ ስድስቱን ፎቶ ያስቆጠረብኝ ሌንሱ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ሙርሲዎችን ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያጠና የነበረው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ሙርሲዎችና ስለ ጎብኚዎች ግንኙነት ባሳተመው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ጎብኚዎቹን "ፎቶ የሚያነሱት ሰዎች" ብሏቸዋል። ከዚህ የሚመር ስም አላውቅም። ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ከመኪና ይወርዳል፤ ያነሳል፤ ይከፍላል፤ ይሄዳል። የክፍያው ልማድም የመጣው ከዚሁ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ በአንድ ፎቶ 5 ብር የተለመደ ነበር፤ ዛሬ በዚያ የሚስማማ ሰው የለም። ሕጉ ግን አልተለወጠም፤ የሚቆጠረው "ቀጭታው" ነው። አንዳንዱ የእኛ ከተሜ በዚህ ይበሳጫል፤ "ንግድ አደረጉት" ይላል። እኔ አይገባኝም። የሠርግ ፎቶግራፈር በፎቶ ቁጥር ሲያስከፍለን ማን ተበሳጨ?

ይህን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሚረርለስ ካሜራዎች ሹተራቸውን ፍጹም ድምፅ አልባ ማድረግ ይችላሉ። ለቤተ ክርስቲያንና ለስብሰባ ጥሩ ነው። ደቡብ ኦሞ ላይ ግን ድምፁን ማጥፋት የሚዛኑን ድንጋይ እንደመቀነስ ነው የምቆጥረው። ሰውየው በጆሮው እየቆጠረ ነው፤ ድምፁን አትስረቁት።

ወደ ሌንሱ ልመለስ። ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ ያስለወጠኝ ቀይ አፈር አይደለም፤ ቱርሚ አካባቢ ያለች አንዲት የሐመር ጎጆ ናት። የሐመር ጎጆ በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ አጎንብሶ፣ አንዳንዴም በጉልበት ሄዶ ነው የሚገባው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ትልቁን ዙም አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስገባ ሌንሱ ከበሩ እንጨት ጋር ተጋጨ፤ ልጆቹ ሳቁ። ገብቼ ቁርበቱ ላይ ስቀመጥ የቤቱ እመቤት ሸፎሮ የሚሉትን የቡና ገለፈት መጠጥ በቅል ሞልታ ዘረጋችልኝ። ቅሉ ትልቅ ነው፤ ትኩስ ነው፤ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። አንድ እጄ ግን ከጉልበቴ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸገረኝን ካሜራ ይዟል። በአንድ እጄ ተቀበልኩ። ግማሹ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። በሁለተኛው ጉዞ 35ቷን ብቻ ገጥሜ ገባሁ። ካሜራዬን ጎኔ መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ቅሉን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ ጠጣሁ። ፎቶ ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሴትየዋም ሌንሱን አላየችም፣ እኔን ነበር የምታየው።

እዚያች ጎጆ ውስጥ ሁለተኛው ጉዳይ ይመጣል፤ ብርሃን። ጂንካም ሆነ ቱርሚ ለምድር ወገብ ቅርብ ናቸው። ፀሐይዋ ጠዋት ቶሎ ትወጣና አናት ላይ ትሰቀላለች፤ ማታም ቶሎ ትጠልቃለች። እኩለ ቀን ላይ ሰው ደጅ ካነሳችሁ ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል። ስለዚህ ብልህ ሰው በዚያ ሰዓት ጥላና ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። እዚያ ደግሞ የሚቆጠረው የሌንሱ ቀዳዳ፣ አፐርቸሩ ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በዙሙ አይኤስኦ 6400 ያስፈለጋችሁ ፎቶ በ1.8 ወደ 2500 ገደማ ይወርዳል፤ ፊት ላይ የሚረጨው አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብም ይቀንሳል። 160 ግራም የምትመዝነው ርካሿ 50 በዚህ በኩል ትልቁን ዙም ታሸንፈዋለች።

ዋጋ ግን አለው። 50ን በ1.8 ከፍታችሁ ከአንድ ሜትር ተኩል ብታነሱ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይን ላይ ካላነጣጠራችሁ አፍንጫ ጠርቶ ዓይን ይደበዝዛል። እኔ የመጀመሪያ ሰሞን ስንት ጥሩ ፊት እንዳበላሸሁ አልነግራችሁም።

ሦስተኛው አቧራ ነው። ከተማዋ ቀይ አፈር የተባለችው በከንቱ አይደለም። በደረቁ ወቅት አንድ መኪና ካለፈ በኋላ ሌንስ የሚቀይር ሰው ሴንሰሩ ላይ ያንን አቧራ እየጋበዘ ነው፤ አዲስ አበባ ተመልሶ ሰማይ ያለበት ፎቶ ሁሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲያይ ይገባዋል። ጂንካ ላይ ማታ ሆቴል ውስጥ አንዲት ሌንስ ገጥሞ በማግስቱ ማታ ድረስ አለመፍታት ከማንኛውም ማጽጃ ይሻላል።

የትኛዋን ትግዙ? መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ያላችሁን ዙም 35 ላይ አድርጋችሁ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፉትና አንድ ሳምንት ሥሩበት። በሚቀጥለው ሳምንት 50 ላይ። ከዚያ ድሮ ካነሳችኋቸው ፎቶዎች የወደዳችኋቸውን ለዩና ኮምፒውተሩ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሱ ያሳያችኋል፤ እሱን ተመልከቱ። የእኔዎቹ አብዛኞቹ ከ30 እስከ 45 መካከል ነበሩ። 24ንና 70ን የተሸከምኩት ለጥቂቶቹ ነው። ሰውን ከነቤቱ፣ ከነገበያው ማሳየት ለሚፈልግ 35 ትበቃለች። ፊትና እጅ ለሚወድ 50 ትሻላለች። መወሰን ያቃተው 40ን ይያዝ፤ የፉል ፍሬም ሴንሰር ከጥግ እስከ ጥግ 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለች፣ ለዓይን የማትከብድ ልክ ናት። ካሜራችሁ ፉል ፍሬም ካልሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ ትንሽ ሴንሰር ባለው ካኖን ላይ 50ዋ እንደ 80 ስለምትሆን ጎጆ ውስጥ ግድግዳው ያስቆማችኋል። ለእነዚያ 125 ግራም የምትመዝን 24 ኤፍ 2.8 አለች።

የማታነሱትም ነገር አለ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ማጎ ፓርክ ውስጥ ጎሽ በ35 ለማንሳት የሚሞክር ሰው ወይ ነጥብ ያነሳል ወይ ይወጋል። በሐመር የከብት ዝላይ ላይም ከሩቅ መሆን ግድ የሚልበት ጊዜ አለ። ለእንዲህ ያለው ቀን ረጅሙን ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ፤ በማግስቱ ግን ሻንጣ ውስጥ መልሱት።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው የእጅ ባትሪ ይያዝ። ሁለቱንም ክዳን አንስታችሁ ከኋላ በኩል መብራቱን ስደዱበት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ጂንካ ዝናብ አታጣምና ከገዛችሁም በኋላ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትጣለውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሰብስባችሁ ካሜራ ቦርሳው ውስጥ ጨምሩ። ከዚያ በራስ ሰር ማነጣጠሪያውን ቅርብና ሩቅ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩ። አምራቾቹ ትኩረታቸውን ወደ ሚረርለስ ስላዞሩ ያገለገሉ የድሮ ሌንሶች በቅናሽ ይገኛሉ። ካኖን ያላችሁ ነገ ሚረርለስ ብትገዙም ኢኤፍ ሌንሶቹ በማገናኛ ይሠራሉና ገንዘባችሁ አይጠፋም።

የእኔዋ 35 ደህና ናት። ፊቷ ላይ የነበረው ማጣሪያ ግን ባለፈው ጉዞ ፍየል ስትጋፋኝ ድንጋይ ላይ ተቧጥሯል። 67 ሚሊ ሜትር ልክ ያለው ሰው ካለ እገዛዋለሁ።