የተማረከ ጎታች ጀልባ መጨረሻው የት ነው?

አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የቆመው፣ ፈረስ ላይ ያሉት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አንድ ጊዜ ጠፍቶ የተገኘ ነው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ጣሊያኖች በ1928 ከተማዋን ሲይዙ ከቦታው ነቅለው ቀበሩት፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ተተከለ። የሐውልትን ዕጣ መከታተል ቀላል ነው፤ ስሙን አይቀይርም፣ ባንዲራ አይለውጥም፣ በራሱም ተነስቶ አይሄድም።

ጎታች ጀልባ ግን እነዚህን ሦስቱንም ያደርጋል። ጎታች ጀልባ ትንሽ ሆና ሞተሯ ጉልበተኛ የሆነ፣ ግዙፍ መርከቦችን ወደብ ውስጥ የምትጎትትና የምትገፋ ጀልባ ናት። በጦርነት ጊዜ ሁሉም ይፈልጋታል። መድፍ ባይኖራትም የማረካት ወገን በማግስቱ ሥራ ላይ ሊያውላት ይችላል፤ ስሟ ላይ ቀለም ይቀባና አዲስ ይጻፋል። ለምሳሌ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማረኳቸውን ብዙ መርከቦች «ኤምፓየር» በሚል ቃል የሚጀምር ስም ሰጥተዋቸዋል። ስም ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ መንገዱ ይጠፋበታል።

ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ ምጽዋ ነው። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ከጣሊያን እጅ ወጣች፤ ምጽዋ ከሁለት ቀን በኋላ። ወደቡ ከመያዙ በፊት ግን የጣሊያኑ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ መርከቦቹ እንዲሰምጡ አዘዘ። የጭነት መርከቦች፣ ጎታች ጀልባዎች፣ ተንሳፋፊ ዶኮች ወደ ባሕር ወለል ወረዱ፤ ገሚሶቹ የወደቡን መግቢያ እንዲዘጉ ሆን ተብለው በረድፍ ነው የሰመጡት። (ተንሳፋፊ ዶክ ማለት መርከብን ከሥሩ ገብቶ ከውኃ በላይ የሚያነሳ ትልቅ መድረክ ነው። መርከብ የሚጠገነው እዚያ ላይ ነው።)

በ1934 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ እዚያ ደረሰ። ከዚያ በፊት የሰመጡ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦችን አንስቶ ያውቃል። ትልቁ የጣሊያን ዶክ ስምንት ክፍሎች ነበሩት፤ በሰባቱ ውስጥ የተጠመደው ቦምብ ፈንድቶ ቀዷቸዋል። ብዙዎች «ይሄ አለቀለት» ብለው ትተውት ነበር። ኤልስበርግ ግን ዶኩን በጥቂት ቀናት ውስጥ አንሳፈፈው።

እንዴት? ብርጭቆ ገልብጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ውኃ ውስጥ ክተቱ። አፉ ክፍት ቢሆንም ውስጡ ያለው አየር አይወጣም፣ ምክንያቱም አየር የሚያመልጠው ወደ ላይ ነው። ዶኩም እንደዚያው ነው። ከላይ ያለው ቀዳዳ በደንብ ከተደፈነ፣ ከታች ያለው ቀዳዳ ችግር መሆኑ ይቀርና መውጫ በር ይሆናል፤ ከላይ አየር ሲነፋበት ውኃው በታች ይወጣል። የወጣው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ ከአንድ ቶን በላይ የማንሳት ኃይል ይሰጣል።

የሚገርመው፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ግፊት ያን ያህል አይደለም። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ የሚጨምረው ግፊት አንድ ከባቢ አየር ገደማ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለ ጎሚስታ የመኪና ጎማ ሲነፋ የሚጠቀመው ከዚያ እጥፍ ይበልጣል! ስለዚህ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አየሩን 10 ሜትር ጥልቀት ድረስ ለማስገባት ግፊት አያንሰውም። የሚያንሰው መጠን ነው፤ አንድ ጎማ መሙላትና አዳራሽ የሚያህል ክፍል መሙላት አንድ አይደሉም።

አደጋው የሚመጣው ዕቃው ከወለሉ ሲላቀቅ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በዙሪያው ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፣ ተጨማሪ ውኃ ይገፋል፣ የማንሳት ኃይሉም ይጨምራል። አንዱ ጎን ከቀደመ ዶኩ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ክፍሎቹን በየተራ፣ እየለኩ መንፋት ግድ ነው። ይህ ሁሉ የተሠራው በምጽዋ ሙቀት ነው። በዚያ የጥገና ጣቢያ ከሠሩት መካከል የጣሊያን ምርኮኞችና ኤርትራውያን የቀን ሠራተኞች ይገኙበታል፤ የኤልስበርግ ስም በመጽሐፍ ሲገኝ የእነሱ ስም ግን አብዛኛው አልተጻፈም። ለእኔ ከጠፋ ጀልባ ይልቅ የሚያሳዝነው ይኼ ነው።

ወደ ጎታቿ እንመለስ። መርማሪዎች ስሟን ትተው የማይለወጠውን ይፈልጋሉ፦ የት መርከብ ማምረቻ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በስንተኛ ተራ ቁጥር እንደተሠራች፣ ርዝመትና ስፋቷን። ከዚያ የሁለቱን ተፋላሚዎች መዝገብ ያስተያያሉ። በአንዱ መዝገብ «ሰመጠች» የተባለች ጀልባ፣ በሌላው ልክ በዚያው ልኬትና የሥሪት ዓመት በአዲስ ስም ብቅ ካለች፣ ያቺው ራሷ መሆኗን ይጠረጥራሉ። የማምረቻው ተራ ቁጥር ከገጠመ ጉዳዩ አለቀ።

ዛሬ ብዙ መርከቦች ስማቸው ቢቀየርም የማይቀየር ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር አላቸው። ይህ አሠራር የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በኋላ ግዴታ ሲሆንም ለጭነት መርከቦች የተቀመጠው መነሻ 300 ቶን ነበር፤ ብዙ ጎታች ጀልባዎች ደግሞ ከዚያ ያንሳሉ።