ጭፈራውን ወደን ጨፋሪውን የምንንቀው ለምንድን ነው?

ዛሬ ስለ ቡናችንም ስለ ማራችንም አልጽፍም። የምጽፈው ማታ ማታ በተዘጉ ሱቆች በረንዳ ላይ ስለሚደንሱት የካፋዋ ከተማችን የቦንጋ ልጆች ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ባለፈው ክረምት አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የቦንጋን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ "አሁን ያባራል" ብሎ የቆመ ሰው እዚያው ያድራል። ጃንጥላ አልያዝኩም ነበርና አንድ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። አምስት ልጆች ቀድመውኝ ቦታውን ይዘውታል፤ አራት ወንዶችና አንዲት ሴት። ሲሚንቶው ላይ የቴሌቪዥን ካርቶን ዘርግተዋል። ስፒከር ስለሌላቸው ስልካቸውን ባዶ የፕላስቲክ ጆግ ውስጥ ከተውታል፤ እንዲህ ሲደረግ ድምፁ ይጎላል። አንዱ ልጅ ሁለት እጁን ካርቶኑ ላይ ተክሎ፣ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ቀጥ አለ። የተገለበጠውን ፊት ትንሽ ቆይቼ ለየሁት። የእህቴ ልጅ ነው።

እሱም አየኝ። ወርዶ ቆመና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። እኔም አፌ እንዳመጣልኝ ጮህኩበት፦ "አንተ ቤተሰብ አሰዳቢ! ጥናት ላይ ነኝ አላልክም? ከዱርዬ ጋር መሬት ለመሬት ትንከባለላለህ?" ሌሎቹ ካርቶኑን ማጠፍ ጀመሩ። ልጅቷ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። የእህቴ ልጅ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦

"ጋሼ፣ በአክስቴ ሠርግ ላይ አንተም ስትጨፍር አድረህ የለ እንዴ?"

መልስ አጣሁ። ዝናቡ ሳያባራ እየበሰበስኩ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

እውነት ነው፤ እኛ ጭፈራ የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። ሠርጋችን ያለ ጭፈራ ሠርግ አይባልም። መስከረም ላይ የካፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ ሲከበር፣ በዓሉ በሚደረግበት ቦንጌ ሻምበቶ ላይ የማይጨፍር ማን ነው? በጥምቀት ካህናቱ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው በታቦቱ ፊት ሲያሸበሽቡ አይተን እንባችን ይመጣል። ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲዘል ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልቧ እንደናቀችው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እናነባለን። ሲተረክልን ሁላችንም የምንቆመው ከዳዊት ጎን ነው። በረንዳው ጋ ስንደርስ ግን መስኮቱ ላይ ቆመን የምንገኘው እኛው ነን።

ስለዚህ የምንንቀው ጭፈራውን አይደለም። ጭፈራን ሥራዬ፣ ሙያዬ፣ መታወቂያዬ የሚለውን ሰው ነው።

ይህ በሽታ አዲስ አይደለም። በሸክላዋ ወጥ እየሠራን ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ ኖረናል። በማረሻው እያረስን ቀጥቃጩን "ቡዳ" ብለናል። በአዝማሪው ማሲንቆ ስንስቅ አምሽተን "አዝማሪ" የሚለውን ስም ስድብ አድርገነዋል። ነገሩ ሥር ከመስደዱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል።

ካፋ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የከፋውን እናውቃለን። የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ከጫካ ያመጡትን እንጨትና ከሰል ገዝተን ቡናችንን እናፈላበታለን። ከሰል ሻጩን ግን ቤታችን አስገብተን በዚያው ሲኒ አናጠጣውም ነበር። ይህ ነገር ዛሬም ጨርሶ ጠፋ ብሎ የሚምል ካለ ወደ ገጠር ቀበሌዎቻችን ወጣ ብሎ ይጠይቅ። የሚደንሱት ልጆች ጉዳት ከዚያ ጋር እኩል ነው እያልኩ አይደለም፤ አንዱ ከዘር የሚወረስ፣ ሌላው በምርጫ የሚመጣ ነው። የአስተሳሰቡ መንገድ ግን አንድ ነው። ሥራውን እንፈልጋለን፣ ሠሪውን አንፈልግም።

አሁን ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ ላስረዳችሁ፤ እኔም ያወቅኩት ይቅርታ ጠይቄ ሁለት ሦስት ጊዜ አብሬያቸው ካመሸሁ በኋላ ነው።

ለምን በረንዳ ላይ? ሦስት ነገር ስለሚፈልጉ ነው፤ ልሙጥ ወለል፣ ጣሪያና መብራት። ዝናብና ጭቃ በማይለየው ከተማ ሦስቱንም በነፃ የሚያገኙት ሱቅ ከተዘጋ በኋላ በረንዳ ላይ ብቻ ነው። ካርቶኑ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ ሲሚንቶው ክርንና ትከሻ እንዳይልጥ ነው።

ከማን ይማራሉ? ከስልክ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደው ቪዲዮ ያወርዳሉ፣ ፍጥነቱን ቀንሰው ደጋግመው ያያሉ፣ ከዚያ እስከ ስምንት እየቆጠሩ እንቅስቃሴውን ይቆራርጡታል። የእህቴ ልጅ ያን ቀን ያየሁትን "ፍሪዝ" የሚሉትን፣ በእጅ ተተክሎ ቀጥ የማለቱን ነገር ለመያዝ ሁለት ወር እንደፈጀበት ነገረኝ። በሒሳብ ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ የታገለ ተማሪ ቢኖረን በሬዲዮ እናስነግርለት ነበር።

ምን ይደንሳሉ? ሂፕሆፕ፣ ብሬክዳንስ፣ አማፒያኖ። ግን አንድ ማታ ልብ ብዬ ስቆጥር ከአንድ እስከ ስድስት የማላውቀው ዳንስ ሆኖ ሰባትና ስምንት ላይ የማውቀው ነገር መጣ። "ይህቺ ምንድን ናት?" አልኩት። "የአያቴ ናት፤ ሠርጉ ላይ ስትጨፍር ቀርጬያት ነበር" አለኝ። ባህላችንን ይጥላሉ ብዬ የማማቸው ልጆች እናቴን በስልክ ቀርጸው እያጠኑ ነበር።

ለልጅቷ ነገሩ እጥፍ ነው። ወንዶቹን "ዱርዬ"፣ "ቦዘኔ" የሚለው አላፊ አግዳሚ እሷን "ማን ያገባሻል?" ይላታል። ቪዲዮ ሲለጥፉ ከሥሩ የሚጻፍላትን እዚህ አልደግመውም። ቆጠራውን የምትመራው ግን እሷ ናት። የተሳሳተውን የምታስቆመው፣ "ከመጀመሪያው" የምትለውም እሷ ናት።

"እና ምን ሊሆኑ ነው? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" የምትሉ አላችሁ። ሁለት የአገራችንን ታሪክ ልንገራችሁ።

አንደኛው አዱኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ መምህር አዲስ አበባ መጣ። መንታ ያላቸውን ችግረኛ ቤተሰቦች ከሚረዳው ከጀሚናይ ትረስት ጋር ሆኖ አንድ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ "ካርሚና ቡራና" የተባለውን ትልቅ ሥራ መድረክ ላይ አወጣ። ከዚያ 18 ወጣቶች ተመርጠው ለአምስት ዓመት ሠለጠኑና አዱኛ የዳንስ ቴአትር ተወለደ። ትናንት ሰው በእግሩ የሚገፋቸው ልጆች ሌሎችን ማስተማር ጀመሩ፤ አካል ጉዳተኞችን ሳይቀር። ከመካከላቸው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣት አርቲስቶችን ከታላላቅ ባለሙያዎች ጋር በሚያገናኘው የሮሌክስ ፕሮግራም ተመርጦ ከታዋቂው ጃፓናዊ የዳንስ ባለሙያ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ እሱና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ ለንደን ውስጥ፣ በዓለም ከታወቁት የዳንስ ቤቶች አንዱ በሆነው በሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቆሙ። መምህራቸው ማልዱምም እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ላይ 250 የሚሆኑ ተማሪዎችን ከከተማዋ ስመ ጥር ኦርኬስትራ ጋር አስደንሷል።

ልብ በሉ፤ እነዚያን ልጆች ከጎዳና ያነሣቸው ጭብጨባ አይደለም። አዳራሽ፣ መምህርና አምስት ዓመት ነው።

ሁለተኛው መላኩ በላይ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ያደረ ሰው ነው። ካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ውስጥ ሰው በሚሸልመው ሳንቲም እስክስታ እየመታ፣ ሌሊት እዚያው ባንኮኒው ሥር እየተኛ ዓመታት አሳለፈ። ኋላ ቤቱን ራሱ ያዘው። ኢትዮከለር የተባለውን ባንድ አቋቁሞ የኢትዮጵያን ውዝዋዜ በብዙ አገር መድረኮች አሳየ፤ አዝማሪ ቤቱንም የባህል ማዕከል አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይ መንግሥት በኪነ ጥበብ ዘርፍ የሸቫልዬ ኒሻን ሰጠው። ነቢይ በሀገሩ አይከበርም ማለት ይህ ነው፤ እኛ "ጨፋሪ" ያልነውን ሌላ አገር "ባለ ኒሻን" አለው።

ካርቶኑንም እንዳትንቁት። ብሬክዳንስን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የፈጠሩት ድሃ የጥቁርና የላቲኖ ወጣቶች ናቸው። እነሱም መንገድ ላይ ካርቶን ነበር የሚያነጥፉት፤ እነሱም "ዱርዬ" ተብለዋል። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ግን ያው ዳንስ ሜዳሊያ ተሰጠበት። በሴቶች የጃፓኗ አሚ፣ በወንዶች የካናዳው ፊል ዊዛርድ ወርቅ ወሰዱ። ወደ እኛ ስንጠጋ ደግሞ የኡጋንዳ ጌቶ ኪድስ አሉ፤ ካምፓላ ውስጥ ከድህነት የወጡ ሕፃናት በ2023 የብሪታንያ ትልቁ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ፍጻሜ ላይ ደርሰዋል።

የወላጆችን ስጋት ግን አላጣጥልም። ትምህርት ይጎዳል የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንገትና አንጓ ይሰበራል የሚለውም እንዲሁ፤ በራስ መገልበጥ ያለ አሠልጣኝ አደገኛ ነው። ማታ በረንዳ ላይ ጥሩ ያልሆነ ሰውም ይመጣል። ግን እነዚህን ስጋቶች አንድ በአንድ ብታዩአቸው ሁሉም የበረንዳው ችግሮች ናቸው። መብራቱ የበራ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ አንድ ትልቅ ሰው ያለበት ክፍል ቢኖር አብዛኞቹ ይቀሉ ነበር።

አሁን እንግዲህ ልመናዬን ስሙኝ። ከተማችን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የክልል መቀመጫ ናት። እንግዳ ይበዛል፣ ስብሰባ ይበዛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወጣቶቹን ባህላዊ ልብስ አልብሰን እናስጨፍራለን። ፎቶ እንነሣለን። ሲያልቅ "በርቱ" ብለን በሚሪንዳ እንሸኛቸዋለን። ድንኳን ላከራየ ሰው የምንከፍለውን ያህል እንኳ ለጨፋሪው አንከፍልም።

አዳራሽ በእጃችሁ ያለ ሰዎች፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ባዶውን የሚያድረውን ክፍል በሳምንት ሁለት ማታ ክፈቱላቸው። ከከተማችን ዩኒቨርሲቲ የስፖርት መምህራን መካከል ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሰውነት እንዴት እንደሚሟሟቅና እንዴት እንደሚወደቅ አንድ ቀን መጥታችሁ አሳዩአቸው። ሠርግ ያላችሁ፣ ጥሩአቸውና ዋጋቸውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ወላጆች፣ ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ማታ ቆማችሁ እዩ። ሌላው ቢቀር በበረንዳው በኩል ስታልፉ ስድቡን ዋጡት።

እኔ የድርሻዬን ጀምሬያለሁ፤ ብዙ አይደለም። አንድ አሮጌ ስፒከር ሰጥቻቸዋለሁ፤ ከእህቴ ልጅ ጋርም ተስማምተናል። የቤት ሥራውን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጨርሶ ያሳየኛል፣ ከዚያ እስከ ሁለት ሰዓት ይደንሳል፤ እናቱ ሳትቆጣው በፊት ይዤው እገባለሁ። እስካሁን አልዋሸኝም።

በሚቀጥለው ወር እኛ ቤት ሠርግ አለ። አምስቱንም ጠርቻቸዋለሁ፤ ክፍያቸውን ተነጋግረን ቀብዱን ሰጥቻለሁ።