የእናት ምክርና የእናት ክስ፤ በቴነሲ ሸንጎ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ መራጮች መዝገብ የተደረገ ክርክር

ሕግ ለአገር እንደ ቤት ምሰሶ ነው። ምሰሶው በደኅና መቆሙን መመልከት ግን የአባወራው ብቻ ሳይሆን የእማወራይቱም ተግባር ነው፤ በሸንጎ የተወሰነው ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ ወደ ጓዳ መግባቱ፥ ከምጥ አልጋና ከሕፃን መኝታ አጠገብም መድረሱ አይቀርምና። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ፥ በአሜሪካ አገር በቴነሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች ዘንድ ስለ ሁለት ነገር የተደረገውን ክርክር ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አሰብን። አንደኛው ነገር በእርግዝናቸው ጊዜ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለሚወስዱ እናቶች ነው፤ ሁለተኛው የመራጮችን ስም በመዝገብ ስለ ማስገባት ነው። ሁለቱ ነገሮች ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መርምረን ስናያቸው ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሆነው አገኘናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቴነሲ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የምትገኝ ግዛት ስትሆን ዋና ከተማዋ ናሽቪል ይባላል። ከአገራችን ወጥተው በዚያ ከተማ ጎጆ የቀለሱ፥ ልጅም ወልደው የሚያሳድጉ ወገኖች ስላሉን፥ ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ የሩቅ አይደለም። የግዛቲቱ ሸንጎ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ተብሎ በሁለት ምክር ቤት የተከፈለ ነው።

ይህ ሸንጎ በሴቶች ታሪክ ስሙ የሚነሣ ነው። የአሜሪካ ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት እንዲያገኙ የታሰበው 19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲጸና የ36 ግዛቶች ስምምነት ያስፈልግ ነበር። 35ቱ ተስማምተው አንዲት ግዛት ብቻ ስትቀር፥ ነገሩ በ1920 ዓ.ም. በኦገስት ወር ወደ ናሽቪል መጣ። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የሚደግፉትና የሚቃወሙት እኩል ለእኩል ሆነው ሲፋጠጡ፥ ሃሪ በርን የሚባል የ24 ዓመት ወጣት እንደራሴ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ከእናቱ ከወይዘሮ ፌብ በርን የተላከ ደብዳቤ ደርሶት ነበር፤ እናቱም ለሴቶቹ መብት ድምፁን እንዲሰጥና ሰውን በጥርጣሬ እንዳያቈይ መክራዋለች። ኦገስት 18 ቀን ስሙ በተጠራ ጊዜ ወጣቱ ሳይታሰብ ድምፁን ለመብቱ ሰጠ፤ ነገሩም ጸና። በማግስቱ ስለምን ሐሳቡን እንደ ለወጠ ለምክር ቤቱ ሲያስረዳ፥ ለልጅ የእናቱን ምክር ከመከተል የሚሻል እንደሌለ ተናገረ። እርግጥ ነው፥ በደቡብ ክፍል ለሚኖሩ ለብዙ ጥቁር ሴቶች ይህ መብት በወረቀት ብቻ ቀርቶ እስከ 1965 ዓ.ም. የመራጮች መብት ሕግ ድረስ በልዩ ልዩ ምክንያት ተከልክለው ነበር። ቢሆንም የአንዲት እናት ምክር የአገር ሕግ መለወጡ ሊረሳ አይገባውም።

ከዚህ በኋላ 99 ዓመት አልፎ፥ በ2019 ዓ.ም. በዚያው ሸንጎ ቀድሞ የተናገርናቸው ሁለት ነገሮች ለክርክር ቀረቡ። በዚህ ጊዜ ግን እናት የቀረበችው እንደ መካሪ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነበረች።

ነገሩ በደንብ እንዲገባን በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንናገር። ከኦፒየም ወገን የሆኑ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች በአሜሪካ አገር ብዙ ዘመን በሐኪም ትእዛዝ በብዛት ሲታደሉ ኖረዋል። ብዙ ሰዎች ለወገብ ሕመም ወይም ለቀዶ ሕክምና ቍስል ብለው ጀምረው ሳያስቡት ባሪያ ሆነውላቸዋል። ከነዚህም ሰዎች መካከል ነፍሰ ጡር ሴቶች ነበሩ። መድኃኒቱ ከእናቲቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ሕፃኑ ተወልዶ እትብቱ ሲቈረጥ መድኃኒቱም ይቋረጥበታል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ቀን ውስጥ ይንቀጠቀጣል፥ በታላቅ ድምፅ ያለማቋረጥ ያለቅሳል፥ መጥባትና መተኛት ይሳነዋል። ይህ ደዌ የሚያሳዝን ቢሆንም የሚታከም ነው። ጸጥ ያለና ብርሃኑ የቀነሰ ክፍል፥ የእናት እቅፍ፥ ሐኪም ሲፈቅድም የእናት ጡት ብዙውን ሕፃን ያረጋጉታል፤ የባሰበትም እንደ ሆነ ሐኪሞች በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ መድኃኒት ይሰጡታል። እናቲቱም ብትሆን መድኃኒቱን በድንገት እንድትተወው አትመከርም፤ በሐኪም ጥበቃ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚባለውን መድኃኒት እየወሰደች እንድትረጋጋ ይደረጋል።

የቴነሲ ጤና ጥበቃ ሹማምንት ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ እንደዚህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ሐኪም ቤቶች ሁሉ እንዲያስታውቁ አዘዙ። በዚያው ዓመት ከ900 የሚበልጡ ሕፃናት ተቈጠሩ። ሕግ አውጪዎቹም በመጀመሪያ መልካም መንገድ ይዘው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ያወጡት ሕግ ነፍሰ ጡሮች በሕክምና ቤት ቅድሚያ እንዲያገኙ፥ ከእርግዝናዋም 20ኛ ሳምንት በፊት ሕክምና የጀመረች ሴት በዚህ ነገር ብቻ ልጇን ከእጅዋ የሚነጥቅ ክስ እንዳይቀርብባት የሚጠብቅ ነበር።

ነገር ግን ይህ ሕግ ፍሬው ሳይታይ፥ በ2014 ዓ.ም. ሸንጎው ሌላ መንገድ ያዘ። በእርግዝናዋ ጊዜ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያለ ሕግ የወሰደች፥ ልጅዋም በዚህ ምክንያት ሱስ ይዞት ወይም ተጎድቶ የተወለደ ሴት በድብደባ ወንጀል እንድትከሰስ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ አገረ ገዥው ቢል ሃስላምም ፈረሙበት። ቅጣቱ ቀላል ሲሆን እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ እስራት፥ ወንጀሉ ከባድ ተብሎ ሲቈጠር እስከ 15 ዓመት የሚደርስ እስራት ነበር። ሴቲቱ ከመውለዷ በፊት ሕክምና ጀምራ ከወለደችም በኋላ እስከ መጨረሻው ከፈጸመች ይህን እንደ መከላከያ ማቅረብ ትችል ነበር። ሕጉም ለሁለት ዓመት ብቻ እንዲሠራ ተወስኖ ከጁላይ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ጸና።

ስለ ሕጉ የተከራከሩትን ያለ አድልዎ ልንሰማቸው ይገባል። ደጋፊዎቹ እንዲህ አሉ፤ ሕፃኑ አፍ የለውም፥ ስለ እርሱ የሚናገርለት ሕግ ያስፈልጋል፤ በሱስ የተያዘች ሴትም በገዛ ፈቃዷ ሕክምና አትገባምና የዳኛ ትእዛዝና የእስራት ፍርሃት ሊገፋት ይገባል አሉ። ይህ አሳብ ከክፋት የመጣ ነው ለማለት አንደፍርም፤ በሥቃይ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ያየ ሰው ልቡ ቢቈጣ አያስደንቅም።

ተቃዋሚዎቹ ግን፥ ከነርሱም መካከል የአሜሪካ የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ማኅበር፥ ፍርሃት ነፍሰ ጡርዋን ወደ ሐኪም የሚያቀርባት ሳይሆን ከሐኪም የሚያሸሻት ነው ብለው መለሱ። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ይህ ሕግ ያደረገው ነገር ቢኖር በሽታን መደበቅ ለእናቲቱ የሚጠቅማት እንዲመስላት ማድረግ ነው። እውነቱን ለሐኪም የተናገረች ሴት ቃሏ በዐቃቤ ሕግ እጅ ማስረጃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ዝም ያለች ግን ታልፋለች። ነፍሰ ጡር የሚቀበሉት የሱስ ሕክምና ቤቶች ደግሞ ጥቂቶች ነበሩ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ትልልቆቹን ልጆቿን ይዛ እንድትገባ አይፈቅዱላትም። ስለዚህ ድኻይቱ ሴት ሕግ ያዘዘላትን መከላከያ ልፈልግ ብትል እንኳ በሩ ተዘግቶ ታገኘዋለች።

የሆነውም እንደ ተፈራው ነው። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ከ100 የሚበልጡ ሴቶች ተከሰሱ፤ በሽታው ግን አልቀነሰም። በ2021 ዓ.ም. ሜገን ቡንና ቤንጃሚን ማክማይክል የሚባሉ ሁለት የሕግ መምህራን የቴነሲን የልደትና የሞት መዝገብ ከሌሎች ግዛቶች ጋር አስተያይተው ባወጡት ጥናት፥ ሕጉ በ2014 ዓ.ም. ብቻ ለ20 ጽንሶችና ለ60 ሕፃናት ሞት ምክንያት ሆኗል ብለው ገመቱ፤ እናቶች የእርግዝና ምርመራ መተዋቸውንም ገለጹ። ሕፃናትን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ሕፃናትን ጎዳ ማለት ነው። ሸንጎውም ሕጉ እንዲቀጥል የቀረበለትን ሐሳብ ስላልተቀበለ፥ በ2016 ዓ.ም. የጁላይ ወር ሲገባ ሕጉ ቀረ።

ከዚህ በፊትም ተመሳሳይ ነገር በደቡብ ካሮላይና ግዛት በቻርልስተን ከተማ ታይቷል። በዚያ አንድ ሐኪም ቤት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት ለኮኬይን እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ይሰጥ ነበር። ጉዳዩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2001 ዓ.ም. 6 ዳኞች በ3 ላይ በመብለጥ፥ ሴቲቱ ሳትፈቅድ ለፖሊስ ማስረጃ እንዲሆን የሚደረግ ምርመራ ሕገ መንግሥትን የሚጥስ ነው ብለው ፈረዱ። የሐኪም ቤት አልጋ የፖሊስ ጣቢያ ወንበር እንዳይሆን የተፈረደ ፍርድ ነው።

ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ በ2019 ዓ.ም. አንዳንድ የቴነሲ ሕግ አውጪዎች ያንኑ ሕግ እንደ ገና ለማንሣት ሐሳብ አቀረቡ። ክርክሩ እንደ ቀድሞው ጸና፤ ሐሳቡ ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ።

በዚያው የሸንጎ ዘመን የቀረበው ሁለተኛው ነገር የመራጮች መዝገብ ነው። በቴነሲ ድምፅ መስጠት የሚፈልግ ሰው ከምርጫው 30 ቀን አስቀድሞ ስሙን ማስመዝገብ አለበት። በ2018 ዓ.ም. የጥቁር ሕዝብ መራጮችን ለማብዛት የተነሡ ማኅበሮች ወደ 90,000 የሚጠጉ የምዝገባ ወረቀቶች ሰበሰቡ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ከሜምፊስ ከተማና ከአካባቢዋ የመጡ ነበሩ። የምርጫ ሹማምንት ግን ብዙው ወረቀት አድራሻ ወይም ፊርማ የጎደለው ነው፥ በመጨረሻ ሰዓትም ተከምሮብናል ሲሉ አማረሩ። ስለዚህ ሸንጎው በ2019 ዓ.ም. አዲስ ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዥው ቢል ሊም በሜይ ወር ፈረሙበት። በዚህ ሕግ ምዝገባ የሚያካሂዱ ማኅበሮች አስቀድመው ለመንግሥት እንዲያስታውቁና ትምህርት እንዲወስዱ ታዘዙ፤ ብዙ ጎደሎ ወረቀት ያቀረበም እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ መቀጫ እንዲከፍል ተደነገገ።

ለሹማምንቱም ድካም ልናዝንላቸው ይገባል፤ ጎደሎ ወረቀት ማረም ሥራ ነው። ነገር ግን ጽሕፈት ያልለመደ ሰው የሞላውን ወረቀት የተቀበለ ሰብሳቢ፥ የጎደለውን ቢያቀርብ የሚቀጣ ከሆነ፥ የሚሻለው ከድኾች ሰፈር ፈጽሞ አለመሄድ ይሆንበታል። የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛዋ አሊታ ትራውገርም ሕጉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሴፕቴምበር 2019 ዓ.ም. አገዱት፤ በ2020 ዓ.ም. ሸንጎው ራሱ አብዛኛውን ክፍል ሻረው።

እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች አንድ የሚያደርጋቸው ምን እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ሳያስተውሉት አይቀሩም። በሁለቱም ጉዳይ የታየው ችግር እውነተኛ ነው፤ የታመመ ሕፃንም ጎደሎ ወረቀትም ነበረ። በሁለቱም ጉዳይ ግን ሕጉ ዱላውን ያነሣው ወደ በሩ ለመጣው ሰው ነው። በሩ ላይ ዱላ ሲቆም ደፋሩ ይገባል፥ ደካማው ይመለሳል፤ ሕጉ የተጨነቀለት ደግሞ ለደካማው ነበር። ሌላም ማሰሪያ አላቸው፤ በቴነሲ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የምርጫ መብቱን ያጣል። ስለዚህ በከባድ ወንጀል ተፈርዶባት የምትታሰር እናት፥ እንደ ወይዘሮ ፌብ በርን ለእንደራሴዋ ብትጽፍ እንኳ፥ በምርጫ ቀን ሐሳቧን በድምፅ መግለጥ አይቻላትም። ሕጉ የሚነካት ሴት ስለ ሕጉ የምትናገርበትን አፍ ታጣለች ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆን ምክር እንውሰድ። ነፍሰ ጡር የሆነች እመቤት የሕመም ማስታገሻም ሆነ የእንቅልፍ መድኃኒት ሐኪም ሳታማክር አትውሰድ፤ ስትወስድ የቈየችም ብትሆን በድንገት አትተወው፥ ነገር ግን ሳታፍርና ሳትሸሽግ ለሐኪሟ ትንገረው። ባልና ዘመድም ሱስ የያዛትን ሴት ሰድበው ከቤት ከማስወጣት ይልቅ እጅዋን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ያድርሷት፤ ነቀፋ የሚያደርገውን እስራትም አላደረገውምና። በአሜሪካ የሚኖሩ፥ ዜግነትም ያገኙ ወገኖቻችን ደግሞ የምዝገባውን ቀን ሳያሳልፉ፥ ወረቀቱንም ሳያጎድሉ ስማቸውን ያስመዝግቡ። የእናት ምክር በሸንጎ የሚሰማው፥ ስሟ በመዝገብ ሲገኝና የሐኪም ቤትም በር ሳትፈራ ስትገባበት ነው።